በሐይቅ ዳር የተገኘ እንጨት ለዓሣ መስታወት ገንዳ የሚዘጋጅበት ዘዴ

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

አኳሪየም የሚባለው የመስታወት ገንዳ የዓሣን አኗኗርና አመጋገብ ለአባላት ለማሳየት ጥሩ መሣሪያ ነው። በገንዳው ውስጥ እንጨት ሲቀመጥ የቆሮሶ ጫጩቶች ከትላልቆቹ የሚሸሸጉበት ቦታ ያገኛሉ፤ ብርሃን የሚሸሸው አምባዛም ጥላ አግኝቶ ይረጋጋል። ማዕበል ገፍቶ ዳር ያወጣው እንጨት ያለ ወጪ ይገኛል፤ ለዓይንም ንጹሕ ይመስላል። ሆኖም ሦስት ዓይነት ጉዳት ይዞ ሊገባ ይችላል፤ እነዚህም መርዝ፣ ብስባሽና ሕይወት ያላቸው ተባዮች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ ጊዜ የደረቀ የመሰለውን ጉቶ ሳይመረምር፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀቅሎ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጧት ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ተገኙ፤ እስከ ማታም አብዛኞቹ አለቁ። ጉቶው ሲፈለጥ ውስጡ በስብሶ ነበር። ብስባሹን የሚያፈራርሱት ባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ጨርሰውታል። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር እንዲህ ያለውን ኪሣራ ለማስቀረት ነው።

1. የእንጨት ምርጫ

ሀ) ብርብራ ፈጽሞ መግባት የለበትም። አስጋሪዎች ዘሩን ፈጭተው ዓሣን ለማደንዘዝ እንደሚጠቀሙበት የታወቀ ነው። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ የዓሣው አካል ኦክሲጅንን እንዳይጠቀም ያግዳል።

ለ) ቁልቋል፣ ቅንጭብና ሌሎች ነጭ ወተት ያላቸው ዛፎች አይሆኑም። ጽድና ባሕር ዛፍም ሽታ ያለው ዘይት ስላላቸው ቢቀሩ ይመረጣል።

ሐ) ወይራ ጠንካራና ከባድ ስለሆነ ተስማሚ ነው። ግራርም ይሆናል፤ ነገር ግን ውኃውን የሚያቀላ ታኒን ስለሚበዛበት ረዘም ያለ መዘፍዘፍ ያስፈልገዋል።

መ) ዓይነቱ ያልታወቀ፣ ቀለም ወይም ዘይት የነካው፣ ወይም የተበላሸ እንቁላል የሚሸት እንጨት መተው አለበት። በቢላዋ ጫፍ ሲወጋ በቀላሉ የሚገባበት ክፍል በስብሷልና ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ ተጠርቦ ይወገድ።

2. አሰባሰብ

ከውኃው ርቆ ዳር ላይ የደረቀው ይወሰድ። ውኃ ውስጥ ያለው ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ ስለሆነ በቦታው ይቆይ። በጣናና በዝዋይ ዳርቻዎች ቢልሃርዚያ ስለሚገኝ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት አይገባም።

3. ማጽዳትና መቀቀል

ልጡ በሙሉ ይላጥ። ጭቃው በደረቅ ብሩሽ ከየስንጥቁ ከወጣ በኋላ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። እንጨት የነካውን ሁሉ ስለሚመጥ ሳሙናም ሆነ በረኪና መጠቀም አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ዘይት ወይም ኬሚካል ባልተያዘበት በርሜል ውስጥ ይቀቀል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለሆነም ሙቀቱ እስከ እንጨቱ እምብርት እንዲደርስ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት መቆየት ይኖርበታል። ወፍራም ከሆነ ጊዜው ይጨመርለታል። ይህም ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣዎችንና እንቁላሎቻቸውን ይገድላል።

4. መዘፍዘፍ

የተቀቀለው እንጨት ድንጋይ ተጭኖበት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይዘፍዘፍ፤ ውኃው በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ይለወጥ። የሐይቅ ውኃ ተባዮቹን መልሶ ስለሚያመጣ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውኃ ይመረጣል። ውኃው እንደ ቀጭን ሻይ ሲሆንና እንጨቱም ራሱ መስመጥ ሲጀምር በቂ ነው። ትንሽ ቢቀላ ዓሣን አይጎዳም።

5. በባልዲ መሞከር

ይህ ደረጃ መዘለል የለበትም። በሁለት ንጹሕ ባልዲዎች እኩል ውኃ ይሞላ፤ የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ክፍቱን ይደር። በአንደኛው ብቻ እንጨቱ፣ ወይም ከዚያው ተቆርጦ አብሮ የተዘጋጀ ቁራጭ ይግባ። ከዚያም በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጫጩት ተጨምሮ ለ48 ሰዓት ይታይ።

እንጨት ባለበት ባልዲ ብቻ ዓሦቹ ወደ ገጽ ከወጡ ወይም ከተገለበጡ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው፤ ይጣል። በሁለቱም ከታየ ግን ውኃው ይመርመር። በሁለቱም ደኅና ከሆኑ እንጨቱ ወደ ገንዳው ሊገባ ይችላል።

6. ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ

የሚንሳፈፍ እንጨት በናይለን ክር ከጥቁር ድንጋይ ጋር ይታሰር። የመዳብ ወይም ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ለዓሣ ጎጂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭ ዝልግልግ ነገር እንጨቱን ቢሸፍነው የሚያስደነግጥ አይደለም፤ እየወጣ በብሩሽ ይታጠብ። እንጨቱ ከለሰለሰ ወይም ውኃው ከሸተተ ግን ወዲያው ይውጣ።

ማሳሰቢያ

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ ዘሩ በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ያልተቀቀለ እንጨት ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው አይጓጓዝ። የተራገፈው ጭቃ፣ የእጥበቱም ሆነ የገንዳው ውኃ ከሐይቅ፣ ከወንዝና ከዓሣ ኩሬ ርቆ በደረቅ መሬት በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋ።

በአጭሩ፣ ዝግጅቱ አንድ ወር ያህል ይፈጃል። በሁለት ጫጩት ያልተሞከረ እንጨት የማኅበሩ ዓሦች በሙሉ ወዳሉበት ገንዳ መግባት የለበትም።