የፔምባ ቅርንፉድና የአሥመራ ቀረጥ

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ሻይ ያዘዘ ሰው ብርጭቆው ሥር ጥቁር ሚስማር የመሰለ ነገር ያገኛል። ቅርንፉድ ነው። ኬንያ ግን የቅርንፉድ አገር አይደለችም፤ አገሩ ከኬንያው የሺሞኒ ጠረፍ ባሻገር ያለችው ፔምባ፣ የዛንዚባር ሁለተኛዋ ደሴት ናት። የፔምባ ቅርንፉድ ለብዙ ዓመታት በሌሊት በጀልባ እየተጫነ ወደ ኬንያ ጠረፍ ሲሻገር ኖሯል። ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። የዛንዚባር መንግሥት የንግድ ድርጅት ብቸኛ ገዥ ሆኖ ለገበሬው ከዓለም ገበያ እጅግ ያነሰ ዋጋ ይከፍል ነበር፤ ማዶ ያለው ነጋዴ የተሻለ ይከፍል ነበር። በዛንዚባር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በአቤይድ ካሩሜ ዘመን ቅርንፉድ ማሸሽ በሞት እስከማስቀጣት ደርሶ ነበር፤ ጀልባው ግን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ ከፍ ሲል ነው ኮንትሮባንዱ የቀነሰው።

ይህች የቅርንፉድ ታሪክ ለትልቁ ክርክር መግቢያ ትሆናለች። አንዲት ትንሽ ራስ ገዝ ምድር ከትልቅ ጎረቤቷ ጋር አንድ የጉምሩክ ክልል ስትሆን የቀረጡ መጠን ያን ያህል ወሳኝ አይደለም። ወሳኙ ማን ይሰበስባል፣ ማን ይቆጥራል፣ ገንዘቡስ የማን ካዝና ይገባል የሚለው ነው። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1964 ከዋናው ምድር፣ ከታንጋኒካ ጋር ስትዋሐድ የውጭ ንግድና የገቢና ወጪ ዕቃ ቀረጥ የኅብረቱ ጉዳዮች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ የጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ ኅብረትም ውስጥ የገባችው በራሷ ስም ሳይሆን በታንዛንያ በኩል ነው። በወረቀት ሲታይ የቀራት ነገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን የታንዛንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ዛንዚባር ላይ የሚሰበስበው ቀረጥ እዚያው ዛንዚባር ይቀራል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕጓም የራሷ ነው፤ ዋናው ምድር 18 በመቶ ሲያስከፍል ዛንዚባር በ15 በመቶ ሠርታለች። ሥልጣኑን ሰጥታ ሣጥኑን አስቀርታለች ማለት ይቻላል።

ዳሬ ሰላም ያለው ባለሥልጣን ለዚህ መልስ አለው፦ «ይህ እኮ የኮንትሮባንድ በር ነው።» ዕቃ ዛንዚባር ወደብ ላይ በዝቅተኛ ግምት ይራገፍና በጀልባ ወደ ዋናው ምድር ይሻገራል። ሥጋቱ ባዶ አይደለም። መፍትሔው ግን ነጋዴውን ከሁለት ያጣ አደረገው፦ ዛንዚባር ላይ ቀረጥ የከፈለበትን ቴሌቪዥን ዳሬ ሰላም ሲያወርድ እንደገና ይገመትበትና ልዩነቱን ይጨምር ነበር። የዛንዚባር ሰው ይህን «ሁለት ጊዜ ቀረጥ» ይለዋል፤ ለዓመታት ሲነታረኩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ደግሞ 2 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ከ60 ሚሊዮን በላይ ካለው አገር የተለየ ሒሳብ ለምን ይኖረዋል የሚልም አለ። ይህ ክርክር ግን ራሱን ያፈርሳል። ትንሽ በመሆኗ ነው ሣጥኗ በእጇ መሆን ያለበት፤ በጋራ ካዝና ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ እሷ ናትና። በብሪታንያ ዘውድ ሥር ያለችውን የማን ደሴት (Isle of Man) ያየ ይህን ይረዳል፤ ደሴቷ የቀረጥ ገቢዋን ከለንደን ጋር በቀመር ትካፈላለች፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ቀመሩ ሲከለስም ገቢዋ ክፉኛ አሽቆለቆለ።

ለእኛ አንባቢ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኅዳር 1943 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ሲወስን፣ ውሳኔው ሁለቱን አንድ የጉምሩክ ክልል አድርጎ መድረሻው ወይም መነሻው ኤርትራ የሆነ ዕቃ ቀረጥ ለኤርትራ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። አንቀጹ በራሱ ከዛንዚባሩ የሚያንስ አይደለም። ግን የውጭ ንግዱም ወደቡም በፌዴራሉ መንግሥት፣ ማለትም በአዲስ አበባ እጅ ነበር። አሥመራ የሚደርሳት የራሷ ስብስብ ሳይሆን ሌላ ሰው ቆጥሮ የሚሰጣት ድርሻ ሆነ፤ የኤርትራ ምክር ቤትም ስለ ጉምሩክ ድርሻው ደጋግሞ አቤት ብሏል። ፌዴሬሽኑን ያፈረሰው የቀረጥ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ባንዲራውም፣ ቋንቋውም፣ የፓርቲዎቹ መዘጋትም ነበሩ። ሆኖም ካዝናው በሌላ እጅ ያለ መንግሥት ሌላውንም ነገር የሚከላከልበት አቅም አጣ።

የዛንዚባር ስምምነት እያነታረከም ቢሆን ከ60 ዓመት በላይ ዘልቋል። የኤርትራው አንቀጽ ከመስከረም 1945 እስከ ኅዳር 1955 ዓ.ም. ነው የቆየው።