ሳል ሲቆጠር

መንስኤው ያልታወቀ የሳንባ ጠባሳ ሳንባን ቀስ በቀስ የሚያደድር፣ በአብዛኛው በእድሜ የገፉ ሰዎችን የሚይዝ በሽታ ነው። ከትንፋሽ ማጠሩ ሌላ ብዙዎችን የሚያሠቃየው ደረቅ ሳል ነው፤ ወሬ ያቋርጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ከሰው መሐል ያስወጣል። የጠባሳውን ግስጋሴ የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ፤ ለሳሉ ግን አልተሠሩም።

በብሪታንያ 3 ማዕከላት የተካሄደው «ፓሲፋይ ኮፍ» የተሰኘው ሙከራ ሞርፊን ይህን ሳል ይቀንስ እንደሆነ መረመረ። መጠኑ አነስተኛ ነው፤ 5 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ። 44 ሕመምተኞች ተራ በተራ ሞርፊንና መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል ለ14፣ ለ14 ቀን ወሰዱ፤ በመካከሉ የ7 ቀን ዕረፍት ነበረ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አላወቁም።

የዚህ ዓይነቱ ሙከራ እምብርት ቆጠራው ነው፤ የሚገባውን ክብር ያላገኘውም እሱ ነው። «ሳሉ ተሻለዎት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል የሚሉ ብዙ ናቸው። አይበቃም። ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሳለ አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው የከፋውን ሰዓት ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ትንሽ መቅረጫ ይታጠቃል፤ አንዱ ማይክሮፎን ደረቱ ላይ፣ ሌላው ልብሱ ላይ ሆኖ 24 ሰዓት ይቀዳል። ኮምፒዩተር ዝምታውንና ሌላውን ድምፅ ቀንሶ ያሳጥረዋል፤ ከዚያ የሠለጠነ ሰው እያዳመጠ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ጉሮሮ መጥረግ ሳል አይደለምና አይገባም።

ቆጠራው ብቻውንም አይበቃም። ጌፋፒክሳንት የተባለው ሌላ የሳል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በሚስሉ ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ ባዶ እንክብል የዋጡትም በመሣሪያ የተቆጠረ ሳላቸው ከግማሽ በላይ ወርዷል። ባዶውን እንክብል ከንቱ ወጪ አድርጎ የሚያይ ሁሉ ይህን ቁጥር ማሰብ አለበት፤ ያለ እሱ ያ ሁሉ ለውጥ ለመድኃኒቱ ይጻፍ ነበር።

በ2024 የታተመው የፓሲፋይ ውጤት ጥርት ያለ ነው። በሞርፊን ጊዜ የቀኑ ሳል በሰዓት ከ21.6 ወደ 12.8 ወረደ፤ በባዶው እንክብል ከ21.5 ወደ 20.6 ብቻ። ልዩነቱ 39.4 በመቶ ገደማ ነው። ሞርፊኑ ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት አስከትሏል።

ይህን ሰምቶ ለማንኛውም ሳል የሞርፊን ወገን የሆነው ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ፍለጋ መሄድ ስሕተት ነው። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በኢትዮጵያ መጀመሪያ ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል፤ ማስታገሻ ምልክቱን ሸፍኖ ምርመራውን ያዘገያል። ለጠባሳው ሕመምተኞችም ቢሆን ሙከራው የ14 ቀን ውጤት ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ለወራት ሲወሰድ ጥቅሙ ይዘልቅ እንደሆነ መልስ የሚሰጠው ረዘም ያለ ሙከራ ነው።