«ምንም አይሰማኝም»፦ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ዕለት ምርጫዎቻችንና ስለምንደረድራቸው ምክንያቶች

በሐድያ ዞን፣ በሞርሲቶ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የሚሻ ወረዳ ቀበሌዎች የሚኖር አንድ የ50 ዓመት አባወራ ወደ ጤና ተቋም የሚሄድባቸው ቀናት የታወቁ ናቸው። ትኩሳት ሲይዘው፣ ጥርሱ እንቅልፍ ሲነሣው፣ ልጅ ሲታመምበት ወይም ወላድ ሲያጅብ ይሄዳል። ሳያመው ግን አይሄድም። ይህን በስንፍና መፈረጅ ተገቢ አይሆንም። ከእርሻ ወይም ከንግድ ሥራ አንድ ቀን መቁረጥ፣ ለባጃጅ መክፈልና ተራ መጠበቅ ለቤተሰቡ ቀላል ወጪ አይደለም። ያልታመመ ሰው ለምርመራ አለመሄዱ ከኑሮው አንጻር ሲታይ ምክንያት የሌለው ውሳኔ አይመስልም።

ይህ ስሌት ለትኩሳትና ለጥርስ ሕመም የሚሠራውን ያህል ግን ለደም ግፊት አይሠራም። ከፍተኛ የደም ግፊት በአብዛኛው ምልክት የለውም። ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ የደም ሥሮችን፣ ልብን፣ ኩላሊትንና ዐይንን ይጎዳል። የመጀመሪያው ምልክት አንዳንድ ጊዜ ስትሮክ ይሆናል፤ ማታ ደኅና አምሽቶ የተኛ ሰው ጠዋት አንድ ወገኑ አልታዘዝ ብሎት ይነሣል። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ዜጎች ላይ ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሰዎች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በዓለም ላይ ከፍተኛ የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ግፊቱ እንዳለባቸው አያውቁም። «ምንም አይሰማኝም» የሚለው ቃል ስለዚህ በሽታ የሚነግረን ነገር የለም።

ምክንያትና ሰበብ

የጤና ባለሙያዎች ምክር ሲሰጡ ከሚሰሟቸው መልሶች ውስጥ ብዙዎቹ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። «ገንዘብ የለኝም»፣ «ጊዜ የለኝም»፣ «ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው» የሚል ሰው ዋሽቷል ማለት አይቻልም። ምክንያትን ከሰበብ የሚለየው እውነት መሆኑ ወይም አለመሆኑ አይደለም። ምክንያት ያለው ሰው ችግሩ ሲፈታለት ወደ ጉዳዩ ይገባል። ሰበብ የያዘ ሰው ግን አንዱ ሲመለስለት ሌላ ያነሣል፤ ጊዜ የለኝም ያለው በቤቱ ደጃፍ የሚለካ ባለሙያ ሲመጣለት «አሁንስ ደኅና ነኝ» ይላል። ራሱን መመርመር የሚፈልግ አንባቢ ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ የምጠቅሰው እንቅፋት ነገ ቢነሣልኝ አደርገዋለሁ?

መልሱ «አዎ» ከሆነ እንቅፋቱን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መንገር ይጠቅማል፤ መፍትሔ ሊገኝለት የሚችል ነውና። መልሱ «እንጃ» ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ፍርሃት አለ። በእርግጥም ብዙ ሰው የደም ግፊቱን የማይለካው ውጤቱን ስለሚፈራ ነው። ይህን መናገር ነውር የለበትም፤ ባለሙያውም ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው።

ቆጮ፣ ቅቤና ጨው

«አባቶቻችን ቅቤ እየበሉ መቶ ዓመት ኖረዋል» የሚለው አባባል በአካባቢው በተደጋጋሚ ይነሣል፤ በቁም ነገር ሊመለስ የሚገባውም ነው። የእንሰት ምግብ በራሱ የሚወቀስበት ነገር የለም። ቆጮ ኃይል ሰጪና አሠር ያለው ምግብ ነው። የሚጎድለው በዋናነት ፕሮቲን ስለሆነ፣ ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከባቄላና ከአተር ጋር ሲቀርብ የተሟላ ገበታ ይወጣዋል። ጎመኑም በየጓሮው፣ ከእንሰቱ አጠገብ የሚበቅል ነው። ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት ተዋጽኦ የሚሠራው አተካና ደግሞ የሐድያ የክብር ምግብ ነው፤ በያሆዴ በዓል ዘመድ ተሰብስቦ የሚበላው ነው። አባቶች አተካናን በዓመት በተወሰኑ ቀናት ይበሉ ነበር፤ በቀሪዎቹ ቀናት ቆጮና ጎመን በልተው፣ ማሳ ቆፍረው፣ ገበያ በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ ነበር።

የተለወጠው ይህ ነው። ከሐድያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆች የሚልኩት ገንዘብ ብዙ ቤት አቁሟል፤ ሱቅ አስከፍቷል፤ ሞተርና ባጃጅ አስገዝቷል። ከዚሁ ጋር የበዓል ምግብ የሳምንት ምግብ ሆኗል። ለስላሳ መጠጥ ለእንግዳ ብቻ መቅረቡ ቀርቷል። በእግር የሚሄደውም መንገድ አጥሯል። ልጅ ለእናቱና ለአባቱ ምቾት ብሎ የላከው ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ ወላጆቹ ሲንቀሳቀሱ የነበሩበትን ኑሮ ያስቀምጣቸዋል። መቶ ዓመት የኖሩትን አባት ስናነሣ፣ በ55 ዓመታቸው «ድንገት ወደቁ» የተባሉትንም ማንሣት ተገቢ ነው፤ የብዙዎቹ ግፊት ተለክቶ ስለማያውቅ ምን እንደ ወሰዳቸው የሚያውቅ የለም።

ቅቤን የባህሉ ክብር ያደረገ ሕዝብ ልማዱን ሊያሻሽል ይችላልን? በፊንላንድ የሰሜን ካሬሊያ ግዛት የሆነውን ማየት ይጠቅማል። አካባቢው ከብት አርቢ ነው፤ ወተት፣ ቅቤና ጨዋማ ሥጋ የገበታው ዋና ነገሮች ነበሩ። በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች በልብ ሕመም በብዛት ይሞቱ ስለነበር ነዋሪዎቹ ራሳቸው ለመንግሥታቸው አቤት አሉ። በ1972 በዚያው አቆጣጠር ሥራ ተጀመረ። ባለሙያዎቹ ምክር ብቻ ይዘው አልሄዱም፤ የቤት እመቤቶች ማኅበራትን አስተባብረው በየመንደሩ የተለመደውን ወጥ በአነስተኛ ጨውና ስብ፣ በብዙ አትክልት አብስለው አብረው በሉ። በቀጣዮቹ አርባ ዓመታት በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች ዘንድ በልብ ሕመም የሚከሰተው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። የማጨስ መቀነስና የሕክምና መሻሻልም ድርሻ ነበራቸው። ትልቁ ድርሻ ግን የወጥ ቤቱ ነበር። በሞርሲቶ ያሉት ዕድሮች፣ ዕቁቦችና የሴቶች ማኅበራትም ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት የሚያንሳቸው ነገር የለም።

ከሁሉም ቀላሉ መጀመሪያ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት የኢትዮጵያውያን አማካይ ፍጆታ 8 ግራም ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ጨው ወጡ ላይ ይጨመራል፣ በሚጥሚጣው ውስጥ ይገኛል፤ በአንዳንድ ቤቶች ቡናው ውስጥም አይቀርም። በአንድ ቀን ከገበታ ማጥፋት አይቻልም፤ ቢቻልም ቤተሰቡ ያምፃል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ቢጨምሩ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። ጨው ሲቀነስ አዮዲን ይጎድልብናል የሚል ሥጋት ያለው ሰው ይኖራል፤ ሥጋቱ አግባብ አለው፤ እንቅርት የደጋው አካባቢ የቆየ ችግር ነበርና። መልሱ አዮዲን ያለውን ጨው በመጠን መጠቀም፣ በክዳን ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ከበሰለ በኋላ መጨመር ነው።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ በቂ ነው፤ ለገበሬው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ምክሩ የሚመለከተው ባለሱቁን፣ የቢሮ ሠራተኛውንና ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የሚቀመጠውን ወጣት ነው። አረቄ፣ ጫትና ሲጋራም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች አልኮልና ትምባሆ መሸጥን የከለከለ መሆኑን ወላጆችም ነጋዴዎችም ሊያውቁት ይገባል።

«መድኃኒት ከተጀመረ አይተውም»

ከሁሉም የሚከብደው ምክንያት ይህ ነው። እውነትነትም አለው፤ የደም ግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው በአብዛኛው ለረጅም ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን መድኃኒቱ ሱስ ስለሚያስይዝ አይደለም፤ በሽታው አብሮ የሚኖር ስለሆነ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ሲያወልቅ ዐይኑ ወደ ቀድሞው ይመለሳል እንጂ መነጽሩ አላሳመመውም። መጠኑን የመቀነስ ወይም የማቋረጥ ውሳኔ በልኬት ላይ ተመሥርቶ በሐኪም የሚሰጥ ነው።

በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ራሱን ሲያመው ብቻ ይወስዳል፤ ራስ ምታት ግን የግፊት መለኪያ አይደለም። አንዳንዱ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት በመጠጣት ይተካዋል። አንዳንዱ ከጎረቤቱ እንክብል ይበደራል፤ ለጎረቤት የታዘዘው ለእርሱ ሊጎዳው እንደሚችል አያስብም። ሌላው ደግሞ ተጸልዮለት ወይም ፀበል ተጠምቆ ድኛለሁ በማለት ያቆማል። በዚህ ገጽ በሃይማኖት ጉዳይ ፍርድ አይሰጥም። መድኃኒት መውሰድ ግን ከእምነት ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም፤ ድኛለሁ የሚል ሰውም ከማቋረጡ በፊት ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ግፊቱን ቢያስለካ የሚጎዳው የለም። በጉባኤም በዕድርም የሚሰሙ አባቶችና እናቶች ይህን አንድ ቃል ቢያስተላልፉ ጥቅሙ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ዕድሜያቸው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ ባይታመሙም፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊታቸውን ቢለኩ መልካም ነው። ለዚህ ብቻ ቀን መቁረጥ የግድ አይደለም። ልጅ ለማስከተብ የመጣች እናት፣ ዘመድ ለመጠየቅ የመጣ ሰው፣ ለሌላ ሕመም ካርድ ያወጣ ሰው በዚያው «ግፊቴንም ለኩኝ» ማለት ይችላል። በጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም የት መለካት እንደሚቻል ታመለክታለች። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ያህል ቡና፣ ጫትና ሲጋራ አይውሰዱ፤ ሽንት ካለዎት ይሽኑ፤ ለአምስት ደቂቃ ጀርባዎን ደግፈው በዝምታ ይቀመጡ። ከገበያ በሩጫ ደርሶ የተለካ ግፊት ትክክለኛውን አያሳይም። የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ በሌላ ቀን ተደግሞ ይለካል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡዎ ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያይዎ ባለሙያ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የገንዘብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነቱን በቀበሌው ያረጋግጥ። ይህ ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋው ከኪስ በድንገት የሚወጣን የሕክምና ወጪ ለመቀነስ ነው። ለዘወትር መድኃኒት ተጠቃሚዎች ጥቅሙ የበለጠ ነው። አባልነቱ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው የእድሳት ወቅት ሲያልፍበት ነው።

ድንገት ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ወይም አፍ ከተያዘ እስኪነጋ ወይም እስኪሻለው አይጠበቅም። አሰቃቂ የደረት ሕመም ሲኖርም እንዲሁ። በሽተኛው በአፉ ምንም ሳይሰጠው፣ ቅቤም ውኃም ቢሆን፣ በፍጥነት በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ሆሳዕና ወደሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል በሪፈር ይላካል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያስታውሱ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው።