የምትንሳፈፍ ዕንቁላልና የተኛ ውሃ

በቻይና አገር ከምዕራብ ተራሮች ፈልቆ 6,300 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከባሕር የሚቀላቀለው የያንግትዜ ወንዝ፣ አራት ታላላቅ የካርፕ ዓሣ ወገኖችን፣ ማለትም ጥቁሩን፣ ሣር በሉን፣ ብርማውንና ራሰ ትልቁን፣ ከጥንት ጀምሮ ሲመግብና ሲያሳድግ የኖረ ነው።

እነዚህ ዓሦች ለርቢያቸው ጊዜ አላቸው። ብርዱ አልፎ ፀሐይ ውሃውን እስከ 18 ዲግሪ ስታሞቀው፣ ዝናቡም ወንዙን ሲሞላው፣ ሙላቱ እንደ ቅዳሴ ደወል ይጠራቸውና ተሰብስበው ዕንቁላላቸውን ለፈሳሹ አደራ ይሰጣሉ። ዕንቁላሏ ከእናቷ ስትወጣ ከሰናፍጭ ቅንጣት አትበልጥም፤ ወዲያው ግን ውሃ ጠጥታ 5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ እንደ ደቃቅ አተር፣ ታብጣለች፤ ቆዳዋም ስስ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። ከውሃው ጥቂት ስለምትከብድና በድንጋይ ላይ የምትጣበቅበት ሙጫ ስለሌላት፣ ደግፎ የሚይዛት የወንዙ ሩጫ ብቻ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ብትፈለፈልም፣ ጫጩቷ በራሷ መዋኘት እስክትችል ድረስ በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ትወሰዳለች። እንግዲህ ወንዙ ለእርሷ መንገድ ብቻ ሳይሆን ማሕፀንም ነው።

ስለ ግድብ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበን ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ የሚያግደው ግንብ ነው፤ በእርግጥም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1981 የጌዦባ ግድብ ወንዙን ሲዘጋ፣ ከባሕር እየወጣ ይራባ የነበረው ስተርጅን የተባለ ዓሣ ከጥንት መራቢያው ተለይቷል። ለካርፕ ዕንቁላል ግን ከግንቡ ይልቅ የሚያስፈራው ከኋላው የተኛው ውሃ ነው። በዚሁ ወንዝ ላይ የተሠራው የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ በ2003 ውሃ መያዝ ሲጀምር፣ ከጊዜ በኋላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሐይቅ ተፈጠረ፤ ከላይ የመጣችውም ዕንቁላል ሩጫው ሲከዳት ትሰጥማለች፣ ደለልም ሲለብሳት ትታፈናለች። ከግድቡ በታች ደግሞ ከጥልቁ የሚለቀቀው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ 18 ዲግሪው ይዘገያል፤ ሙላቱም ስለሚገደብ ደወሉ ዝም ይላል።

ሆኖም የዘጋ እጅ መክፈትም ይችላል። ከ2011 ጀምሮ የግድቡ ሹማምንት በርቢው ወራት ውሃውን ለጥቂት ቀናት በየዕለቱ እየጨመሩ በመልቀቅ የጥንቱን ሙላት የሚመስል ማዕበል ሲያስነሡ፣ ዓሦቹ ጥሪውን ሰምተው ዕንቁላል ጥለዋል። ስለዚህ ግድብ የሚሠራ ሰው የግንቡን ቁመትና የመብራቱን ኃይል በጥንቃቄ እንደሚሰፍር ሁሉ፣ አንዲት ዕንቁላል ሳትሰጥም ልትጓዝባቸው የሚገባትን ሁለት ቀናት ከሒሳቡ ያስገባ።