ፕላትሌት፦ የአምስት ቀን ዕድሜ

ከጀሞ፣ ከለቡና ከሳሪስ የደም ካንሰር ታማሚ ይዘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመላለሱ ቤተሰቦች ፕላትሌት የሚለውን ቃል ቶሎ ይለምዱታል። ሐኪሙ «ወርዷል» ካለ ለጋሽ ፍለጋ ዘመድ ጎረቤቱ ጋ ስልክ ይደወላል።

ፕላትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ቅንጣት ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደሙ ከ150,000 እስከ 450,000 ይኖረዋል። ከ10,000 በታች ሲወርድ ምንም ሳይነካው ከድዱና ከአፍንጫው ሊደማ ይችላል፤ ይበልጥ የሚያስፈራው ግን አንጎል ውስጥ የሚፈሰው ነው።

የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው። ሜጋካርዮሳይት የተባለው ሴል ለሁለት ሳይከፈል ዘረመሉን ደጋግሞ ያባዛል፤ ይገዝፋል፤ ከዚያም ረጃጅም ክንዶቹን ወደ ደም ሥር ሰድዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕላትሌቶችን ይለቃል። ይህን የሚያዘው በዋናነት ጉበት የሚያመርተው ትሮምቦፖይቲን የተባለ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ሴሉ ላይ ያለውን ተቀባይ ሲይዝ ውስጥ ያለው ጃክ2 የተባለ ኢንዛይም ይነቃል፤ ጃክ2 ስታት5 የተባለውን ፕሮቲን ያነሳሳል፤ ስታት5 ኒውክለስ ገብቶ ጂኖችን ሥራ ያስጀምራል። የቁጥጥሩ ዘዴ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፦ ጉበት ሆርሞኑን ያለማቋረጥ ይለቃል፤ ፕላትሌቶቹ ራሳቸው እየዋጡ ያጠፉታል። እነሱ ሲያንሱ ሆርሞኑ ይተርፋል፣ መቅኔውም ይበረታል።

ሆርሞኑ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲታወቅ ትልቅ ተስፋ ተጣለበት። ይሁንና በቤተ ሙከራ የተሠራውን ከወሰዱ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች የአንዳንዶቹ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማጥቃት ጀመረ፤ ፕላትሌታቸው ወረደ፤ በ1998 ሙከራው ቆመ። በ2008 አሜሪካ የፈቀደቻቸው ሮሚፕሎስቲምና ኤልትሮምቦፓግ የተባሉ መድኃኒቶች ያንኑ ተቀባይ በሌላ መንገድ ያነቃሉ። ሰውነታቸው የራሱን ፕላትሌት ለሚያጠፋባቸው ሕሙማን ትልቅ እፎይታ ናቸው። ጠንካራ ኬሞ ለወሰደ ሕፃን ግን ብዙም አይደርሱለትም፤ መቅኔው ስለተራቆተ የሚያነቁት ሴል አያገኙም።

ለእሱ ያለው ለጋሽ ብቻ ነው። ቀይ የደም ሴል ፍሪጅ ውስጥ 35 ቀን ይቆያል። ፕላትሌት ግን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ ያለማቋረጥ እየተወዘወዘ፣ የሚቆየው 5 ቀን ነው፤ ከዚያ ላይ ደሙ የሚመረመርበት ጊዜ ይቀነሳል። ለአንድ አዋቂ ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ለጋሾች የተሰበሰበ ያስፈልጋል።

ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው፣ ዛሬ በመንግሥት እጅ ያለው የደም ባንክ በዘመቻ ብዙ ደም ይሰበስባል። የአንድ ቀን ዘመቻ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ታማሚ ጋ ፕላትሌት አያደርስም። እነዚህ ሰፈሮች ያሉበት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ፋብሪካውም፣ ኮንዶሚኒየሙም፣ ትምህርት ቤቱም አለው። ሰኞ ጀሞ፣ ሐሙስ ሳሪስ፣ በቀጣዩ ሳምንት መካኒሳና ጎፋ ደም ለመለገስ ተራ ቢይዙ ኖሮ ሕፃኑ አልጋ ላይ እያለ ወላጆቹ ለጋሽ ፍለጋ ባልተንከራተቱ ነበር።