ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲበላ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ሐይቅ ከተማን እናገኛለን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ካለው ውሃ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው። በበዓልና በዕረፍት ቀን ሰው ወደዚህ ውሃ ዳር ይወጣል። ነፋስ ይቀበላል፤ ሲርበው ምግብ ቤት ገብቶ ዓሣ ያዛል።

ዓሣው እንዴት ተሠርቶ ይቀርባል? አንዱ ሙሉውን በዘይት የተጠበሰ ይፈልጋል። ሌላው አጥንቱ ወጥቶ፣ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ኮተሌት ይላል። ጉላሽ አለ፤ ሾርባም አለ። ሎሚ ይጨመቅበታል፤ አዋዜ ወይም ሚጥሚጣ አብሮ ይቀርባል።

ብዙ ሆነን ስንሄድ ሁላችንም አንድ ዓይነት ባናዝ ይሻላል። አንዱ ጥብስ፣ አንዱ ኮተሌት፣ አንዱ ጉላሽ ያዝና መሐል ላይ አድርጎ አብሮ መብላት ነው። ይህ ልማድ በሌላም አገር አለ። በስፔን አገር ባሕር ዳር የሚያርፉ ሰዎች በትንንሽ ሳህን የሚቀርብ ዓሣ፣ ወይራ፣ ድንች እያዘዙ ይካፈላሉ። ይህን ምግብ ታፓስ ይሉታል። «ታፓ» በቋንቋቸው ክዳን ማለት ነው። እኛም በያይነቱን ከአንድ ትሪ እንበላ የለ? ስለዚህ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

በወሎ ደግሞ ዓሣ ሌላም ጥቅም አለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ናቸው፤ በሠርግም በለቅሶም አይለያዩም። ሥጋ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ የራሱ ወገን ያረደውን ነው የሚበላው። ዓሣ አይታረድም። በእስልምናም ዓሣ ሳይታረድ ይበላል። ስለዚህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ከአንድ ሳህን ሊቆርሱ፣ ሊጎራረሱም ይችላሉ።

ይህ መልካም ገበታ እንዳይበላሽ ግን ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ።

አንደኛ፣ ዓሣው ያልቆየ ይሁን። ዓሣ ከከብት ሥጋ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። «ሳይጠበስ በፊት አሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም። ያልቆየ ዓሣ ዓይኑ የጠራ ነው፤ በጭንቅላቱ ጎን ያለው መተንፈሻው ቀይ ነው፤ ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል። ዓይኑ ከደፈረሰ፣ መተንፈሻው ከጠቆረ፣ ከከረፋ ግን ይቅርብን።

ሁለተኛ፣ በደንብ ይብሰል። በጥሬ ዓሣ ውስጥ የሆድ ትል ሊኖር ይችላል፤ እሳት ይገድለዋል። ለሕፃን ሲሰጥ አጥንቱ ተለቅሞ ይውጣ። አጥንት ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ እንጀራ ጠቅልሎ መዋጥ የባሰ ሊወጋ ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ሦስተኛ፣ ከማዘዛችን በፊት ዋጋውን እናንብብ። ያልተጻፈ ከሆነ እንጠይቅ። አንድ ጥብስ 300 ብር፣ አንድ ሾርባ 100 ብር ነው እንበል። ሦስት ጥብስ 900 ብር፣ ሁለት ሾርባ 200 ብር፣ በድምሩ 1,100 ብር ይሆናል። ሒሳቡ 1,300 ተብሎ ቢመጣ ጠብ አያስፈልግም። ማንበብና መደመር የሚችል ሰው «እስቲ አብረን እንየው» ይላል፤ ወረቀቱ ይናገራል።

አራተኛ፣ ያላደገውን ዓሣ አንዘዝ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ድሮ በዚህ ሐይቅ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ የገባ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች። የተፈለፈሉትም ትንንሾች ሲፈሩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ተሳስታ ያሳደገቻቸውን፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ገና ሳይወልዱ ጠራርጎ ያወጣቸዋል። እንዲህ ከቀጠለ ዓሣው እያነሰ ይሄዳል፤ አጥማጁም ምግብ ቤቱም ሥራ ይፈታሉ። ትንሹን ዓሣ የሚገዛ ከታጣ ግን አጥማጁም በዚያ መረብ አይደክምም።

ጊደሯን ሳትወልድ ያረደ ገበሬ ወተት ከየት ያገኛል? የሐይቁም ነገር እንደዚሁ ነው።