ካሜራው ዳኛ ሲሆን

 

በጥር 2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው የሙስሊሞች ተቃውሞ «ድምፃችን ይሰማ» በሚል መፈክር በብዙ ከተሞች ተስፋፋ። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፦ የአሕባሽ አስተምህሮ በግዴታ አይጫንብን፣ የመጅሊስ ምርጫ በየመስጊዱ ይካሄድ፣ አወሊያ ከመጅሊሱ ነፃ በሆነ ቦርድ ይተዳደር።

ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሀረካት» የተሰኘ ፊልም አሳየ። በሐምሌ 2004 የታሰሩት የኮሚቴው አባላት ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እየታየ ነበር። ፊልሙ ግን እንቅስቃሴውን ከአልሸባብና ከቦኮ ሐራም ጋር እያዛመደ አቀረባቸው። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን የሰጠው በ2007 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ዳኛው ሳይፈርድ ካሜራው ፈርዶ የለምን?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ያዘናል። ትእዛዙ ለጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። እኛን የሚያስደስት ወሬ ስንሰማም፣ የሌላ እምነት ወይም ብሔር ተከታዮች ሰልፍ ሲወጡም ይሠራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ከልጆቻችሁ ጋር ዜና ስትመለከቱ እንዲህ ብላችሁ ተጠያየቁ፦ ሰልፈኞቹ የጠየቁትን ከራሳቸው አንደበት ሰማን? የተቆረጠው ንግግር በፊቱና በኋላው ምን ነበር? ተከሳሽ ከሆኑስ ፍርድ ተሰጥቷል?

ትናንት የተበደልንበትን ሚዛን ነገ በሌላው ላይ ከማንሣት አላህ ይጠብቀን። አሚን።